አሳልፋት

ሃሪሰንበርግ ከተማ፣ በረዶ ባደረበት፣
ጥሩነህ ቫኗን ይዞ መጣ፣ ገና ሳልከፍት ቤት።
«ቦሎዋ ዛሬ ያልቃል፤ እባክህ» አለኝ፣ «ቶሎ፣
እንቅልፍ ሊጥለኝ ነው» ብሎ።

ሃያ ዓመት የሠራች ናፍጣ፤ ነጭ ነበረች ድሮ።
ምንጣፏ ላይ ላባ አለ፣ የፋብሪካው ዶሮ።
ማታ አሥር ሰው ጭና ወደዚያው ትወርዳለች፣
ሲነጋ ጣታቸው ያበጠ አሥር ሰው ትመልሳለች።
በፈረቃ የሚኖር ሰው፣ ሌሊቱ ቀን የሆነው፣
መኪና ከሌለው፣ ጥሩነህ ነው ያለው።

ሊፍቱ ላይ ሰቅዬ ሆዷን በባትሪ አየሁት።
ጨው በልቷታል። ያ መንገድ ላይ የሚበትኑት፣
በረዶ ሊያቀልጥ ወጥቶ ሻንሲ ያቀለጠው ጨው።
በመፍቻ ጫፍ ነካ አደረግሁት፣ ደህና የሚመስለውን፤
ረገፈ፣ እንደ አሮጌ ልስን ዓይኔ ውስጥ ተበተነ።
ላዩ ግን ጥቁር ቀለም፣ ወፍራም፣ ትናንት የተቀባ፤
ዝገት የሚያፍር መስሎት ነው፣ ሲደረብለት ካባ።

ጎማዋን ይዤ ወዘወዝኩ። ቴስቲኒው ተበልቶ አልቋል፤
መሪው ቀኝ ሲላት እግሯ ቆም ብሎ ያስባል።
የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ይፍቃል።
የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ መጣልኝ እስከ ብብቴ፣
ባዶ እጁን፣ እንደማያፍር እንግዳ ሲገባ ቤቴ።

«ክላክሷስ?» አልኩት። «ተወው፤ ማን ይነፋል ሌሊት?
በር አንኳኳለሁ እኔ፤ ሕፃናት አሉ በየቤት።»

ማርሚታዋ ግን በልብስ መስቀያ ሽቦ ታስሯል፣
ከላዩ ወለሉ ተበስቷል።
ጣቴን ሰደድኩት፤ ሦስተኛው ወንበር ሥር ወጣ።
«እዚህ ማን ይቀመጣል?»
«ሺሪን ናት፣ ኩርዷ። ደካማ ናት፣ ታሳዝናለች፤
አውራ ጎዳናው ሳንገባ እንቅልፍ ይወስዳታል።
ስንደርስ ‹ራሴን› ትላለች።»

ዝም አልኩ። ኮምፕረሰሩ ብቻ ነበር የሚጮኸው።

«አሳልፋት» አለኝ ያኔ። «የልጄ ክርስትና አባት ሆነህ፣
አንተ ካላሳለፍካት ማን ያሳልፋት ብለህ?»
ብር አላወጣም ከኪሱ፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም።
ቃሏን ግን አላመጥኳት፤ አጥንት አላት፣ አትላምም።
ቫኗ ካለፈች፣ በዚች ወንበር አንዷ ታልፋለች።
አሳልፋት ያለኝ ሰው፣ አሳልፈህ ስጣት ማለቱን
አያውቅም፤ ቃል እንዲህ ነች።

«ወድቃለች» ብዬ ጻፍኩ። የውድቀቷን ወረቀት
መስታወቷ ላይ ለጠፍኩት።
አሥራ አምስት ቀን ይሰጣል የቨርጂኒያ ሕግ፤ ይበቃል።
ጭሱ ግን ሕግ አላነበበም፤ ዛሬም ማታ ይገባል።
«መስኮት ክፈቱ» አልኩት። በሩን አላጋጨውም፤
ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። እሱ ይብሳል። ደህና ዋል አላለኝም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።
«ማርሚታ ስንት ነው?» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረ።

እሑድ ሁለታችን ከሥሯ ተጋደምን፣ እንደተኳረፍን፤
ዊልመር፣ የሆንዱራሱ፣ ባትሪ ያዘልን፣
ብየዳው ሲፈናጠቅ ፊቱን እያዞረ።
ብረቱ ገንዘብ በላ፤ አሥሩም አዋጡ፣ ጥሩነህ ተበደረ።
ቴስቲኒ ተቀየረ፤ ሸራ፣ ገመድ፣ ቱቦ።
ወለሉ ተደፈነ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ክላክሷን ስጫነው
ጋራዡ በሙሉ ደነገጠ፤ ጎሚስታው ቁልፉን ጣለው።

አለፈች። አዲሱን ቦሎ ለጠፍኩ።
ጥሩነህ ግን ይኸው እስካሁን፣ ባገኘኝ ቁጥር ይከሰኛል፦
«ሺሪን መተኛት ተወች እኮ! እስክንደርስ ታወራለች፣
ስለ እህቷ ሠርግ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጥርሷ፤
ወሬ ሲያልቅባት ደግሞ በማይገባን ቋንቋ ትዘፍናለች።
ምን አድርገህባት ነው?»