የአይጥ መድኃኒት

የአይጦች ጠባቂ ነኝ፣ ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ፤
መጋቢ፣ መዝጋቢ፣ አጣቢ፤ ነጭ ጋዋን ማዕረጌ።
ትናንት በጭንቅ የባነኑት፣ ሁለት ተኳራፊ ወንዶች፣
ጥግ ለጥግ ተሸጉጠው፣ እንደ ድንበርተኛ ገበሬዎች፣
የጦስኝ ዘይት በጥጥ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ባኖርላቸው፣
መጀመሪያ አፍንጫቸው ነቃ፤ ተንቀጠቀጠ ጢማቸው።
አንዱ ተጠጋ፤ አሸተተ፤ ተኛ ከሌላው ጎን።
«አሥራ አራት ደቂቃ» ብዬ፣ መዘገብኩት ዕርቃቸውን።

ማታ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ይመር ከደጄ ቆሞ፤
በኩታበሯ ቁራሽ መሬት፣ ሦስት ክረምት ተቀይሞ።
«ምን ምን ትላለህ አንተ? የእናታችንን ጓሮ?»
«የአይጥ መድኃኒት» አልኩት።
ሳቀ፣ ልክ እንደ ድሮ።

ጦስኙ ይሁን እናታችን፣ እንጃ፤
ሰዓቴን አላየሁም።