እልፍ

ሣሩ ወርቅ ሲመስል በኬሩለን ዳር፣
የፈረሱ ሽንጥ በስብ ሲወጠር፣
ከጎቢ ማዶ ላለው አገር
ሰው ይቆጠር ጀመር።

ቆጣሪው እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤
በአኻያ በትር ላይ ከመጫር በቀር ሌላ አልተማርኩም።
አንድ ሰው፣ አንድ ጭረት። ስሙን ጠይቄ አላውቅም፤
ስም ረጅም ነው፣ በትር አይበቃውም።

አሥር ይሉታል፤ እስር ነው ግን ውሉ፦
አንዱ ቢሸሽ ዘጠኙ ይሞታሉ፤
አንዱ ተማርኮ ቢረሳ
ዘጠኝ አንገት ነው ካሳ።
አሥሩን አሥር ጊዜ ሰብስቦ የያዘ፣
መቶ ያሳምናል፣ መቶ ሰው ያዘዘ።
የሺው አለቃ፣ ቶርቻን፣ ቃሉን ሲጥል፣
ሺው በአንድ አፍ «እሺ» ይል።
ጎሳን ከጎሳ ሆን ብሎ ቀላቅሎ፣
አጎትን በቀኝ ክንፍ፣ የእህቱን ልጅ በግራ ጥሎ፣
ደጀኑን ለማያምነው አማቹ ሰጥቶ፣
ማንም በዘመዱ እንዳይመካ፣ ከአሥሩ ወጥቶ።
እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ እልፍ ናቸው።
እልፍን ሲያልፍ አያለሁ እንጂ አልቆጥራቸው።

ሌሊት በአለቆቹ ድንኳን፣ ጠጠር መሬት ላይ ደርድረው
መንገድ ሲከፍሉ ሰማሁ፣ ቅርጫ የሚከፍሉ መስለው፦
«ይህ ሺ በጨው ሐይቁ፣ ያኛው በገደሉ፤
የውኃ ጉድጓዱ አንድ ነው፣ ባንድ ቀን አይጠጡ ሁሉ።»
አንዲት ጠጠር ተንከባላ ከምንጣፉ ሥር ገባች፤
ማንም ጎንበስ ብሎ አልፈለጋት፤ ሌላ ከደጅ መጣች።

ማለዳ ቶርቻን ለፍተሻ መጣ፤
ኮርቻ ወረደ፣ ከየኮረጆው ዕቃ ወጣ።
ለአንድ ሰው አምስት ፈረስ፤ እነሱ በመልክ ተጠሩ፣
ዳማ፣ ቡላ፣ ጉራች እየተባሉ፤ ሰዎቹ በቁጥር ቀሩ።
ሁለት ቀስት፣ ሞረድ፣ ወስፌ፣
በከረጢት የደረቀ እርጎ፣ ክርና መርፌ።
በመርፌው ድሮ ስቄ ነበር፤
ለካ የምንወርረው አገር
ቀድሞ እኛን የሚወርረን በጫማችን ሽንቁር።

ከኦልቃይ አሥር አንዱ በትኩሳት ወደቀ፤
ኦልቃይ ላስረዳ ቢል፣ ቶርቻን ሳቀ፦
«ሰው ይታመማል፣ ቁጥር ግን አይታመም፤
ዘጠኝ የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም።»
የታማሚው ወንድም፣ ድምፁ ያልጎረነነ፣
ኢርጌን፣ በአሥራ አራት ዓመቱ አሥረኛ ሆነ።

እናቱ ኖሞልጋ የአጥንት መርፌ ይዛ መጣች፣
ዓይኗ የተሸረፈ፤ በአንገትጌው ሰካች።
ወደ እኔም ዞራ፣ «ስትጭረው» አለች፣
«ቀጭን አድርገው፤ ገና ልጅ ነው።»
በካራዬ ጫፍ ነካ አደረግኩት፤ ፀጉር ያህል ነው።

እልፉ እልፍ አለ።
ሦስት ቀን አቧራው ሰማይ ላይ ዋለ።

ወንዙ ሁለቴ ረግቶ፣ ሁለቴ ሟሙቶ፣
መጣ ሠራዊቱ፣ ግመሉ በሐር ጎብጦ፣ ሰዉ ከስቶ።
በትሬን ይዤ ቆምኩ። የኦልቃይ አሥር? ሞልቷል፤
ኦልቃይ ግን የለም፣ አንድ ዓይና ተሹሟል።
ሦስቱ የቀኝ ክንፍ ትራፊ፣ አራቱ ከደጀን፣
ሁለቱ ከወረርነው አገር፣ የማያውቁ ቋንቋችንን።
ካንደኛው አንገትጌ ላይ፣ ክር ተጠምጥሞባት፣
ዓይኗ የተሸረፈ መርፌ አየኋት።

«ሞልቷል ወይ?» አለ ቶርቻን፣ ከፈረሱ ሳይወርድ።
አሥር ናቸው፤ ምን ልበል? በምን ይፈረድ?
«እሺ» አልኩ።

ኖሞልጋ ከኋላዬ፣ አሮጌውን በትር ወስዳ፣
በአውራ ጣቷ ጭረት በጭረት ትወርዳለች፣
ቀጭኗን ትፈልጋለች።