ፈረቃ

ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ሳከፋፍል ኖርኩ፣
በዚህ በቀኝ እጄ ስዘጋ፣ ስከፍት፤
ሰኞና ሐሙስ ለመናኸሪያ፣
ማክሰኞ ለታቦር ሥር፣ ዓርብ ለሐይቅ ዳር ቤት።
«ጋሽ ላቲሶ፣ ረሳኸን ወይ?» ሲለኝ መንደርተኛ፣
«ፈረቃችሁ ነገ ነው» እል ነበር፣ ሳልዋሽ፣ ሳልተኛ።
ለራሴም ቤት አላዳላሁም፤
ይመስክር የብርቅነሽ ቢጫ ጀሪካን፣
ስንት ሌሊት አፉን ከፍቶ
እንደ ጎረቤቱ ሲጠብቅ ውሃን።

አንድ ጠዋት ግን እጄ ከመዝጊያው ላይ ቀረ፤
አልወደቅሁም፣ ቆሜ ሳለሁ ግማሽ ከተማ ጠቆረ።
በሆስፒታል «ደም ሥር ተዘግቶ ነው» አሉኝ።
ሌላው አልገባኝም፣ ይቺ ግን ገባችኝ፤
መዘጋትንማ
ማን ሊያስረዳኝ?
ደሜ የቃላትን ሰፈር ፈረቃ ዘሎ አለፈ።
ማንኪያን «ድልድይ» አልኩት፣
ሐሙስን «ጫማ»፣
ብርቅነሽን ልጠራ አፌን ስከፍት
«ብርጭቆ!» አልኳት።
«አቤት» አለች፣
ውሃ ቀድታ መጣች፤
ከዚያ ወዲያ በዚያው ስም ኖረች።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከሞባይል ጠጋኙ በላይ፣
ኤፍራታ የምትባል ልጅ ግንባሬን በጥብጣብ አሰረች።
ከጥብጣቡ ሥር ቀይ መብራት አለ፤
«ቆዳና አጥንት አልፎ ደም ያያል» አለች።
ከፊቴ ስክሪን፣ በስክሪኑ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ጀልባ።
«ደሙ ወደ ግንባርዎ ሲመጣ ትሄዳለች፣
ሲሸሽ ትቆማለች፤
መቅዘፊያው እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»
ሞተሩን ልጠይቅ ብዬ «ሽንኩርቱ የት ነው?» አልኳት፤
ሳትስቅ «ከውስጥ ነው» አለች። ወደድኳት።

ታገልኩ።
ዝገት የያዘው መዝጊያ
በሁለት እጅ እንደሚጠመዘዝ፣
ጥርሴን ነክሼ፣ እግሬን ተክዬ
ጀልባዋን በግድ ላዝዝ።
ቆመች።
ይባስ ብላ ወደ ኋላ ተንሳፈፈች።
«አይታገሉ» አለች ልጅቷ።
ባልታገል ማን ይከፍተዋል?
በልመና የተከፈተ ቧንቧ
በየትኛው አገር ታይቷል?

ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሄደ።
ሐኪሙ «አይጎዳዎትም፤ ግን ተአምር አይጠብቁ» አለ።
ብርቅነሽ የቆሮሶ ቅርፊት እየፋቀች
«ተአምር ማን ጠየቀ?
ስሜን ነው» አለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓይኔ ጀልባዋ ላይ ሳለ፣
ከታች ከግቢው ድምፅ መጣ፤
ደረቅ ቧንቧ ሲያስነጥስ፣
ፍስስስ ብሎ ንፋስ ሲያወጣ፣
ደጋግሞ ሲያስል፣ ቡኒ ሲተፋ፣
ከዚያ ባልዲ ውስጥ ሲያንኳኳ፣
«መጣች! መጣች!» ሲሉ ሴቶች።
ያኔ ትዝ አለኝ፤ እንዴት ረሳሁት?
እኛኮ ጋኑን በጉልበት ሞልተነው አናውቅም።
ሌሊት፣ ሁሉም ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ፣
ውሃው ብቻውን ሽቅብ ይወጣል።
የኔ ሥራ አጠገቡ መቀመጥ ነበር፣
ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ፣ ሻይ ይዤ፤
ጋኑ ሊሞላ ሲል ድምፁ ይቀጥናል።

ጥርሴን ለቀቅኩት።
ሰፈሮቹን አንድ በአንድ አስተኛኋቸው፣
መናኸሪያን፣ ታቦርን፣ ሐይቅ ዳርን።
ግንባሬን ሞቀኝ፣
ሕፃን እጁን እንዳሳረፈበት።
ጀልባዋ . . .
ኤፍራታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ወደ ቤት በሐይቁ ዳር ሄድኩ።
አንድ አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሞ
እንደ ጡረተኛ ዘበኛ ያየኛል።
ከሩቅ እውነተኛ ጀልባ አየሁ፤
በግንባሬ ትኩር ብዬ «ሂጂ» አልኳት፣ ሄደች።
ቀዛፊም ነበራት፣ አልክድም።

አሁን ቃላቱ በፈረቃ ይመጣሉ።
«ማንኪያ» ማክሰኞ መጣ፣
«ሐሙስ» እሑድ፣
«ብርቅነሽ» ትናንት ሌሊት፣ በጨለማ።
ተገላብጣ «ማንን ነው?» አለች፣
ስሟን እንደ እንግዳ ሰምታ።

አንዲት ቃል ግን ቀርታለች፤
ያቺ በር የሚከፈትባት፣ ከኪስ የምትጠፋው፣
ጥርስ ያላት ትንሽ ብረት።
ሰፈሯ ከፍታ ላይ መሆን አለበት፣
እዚያ ውሃ ሁልጊዜ ይዘገያል።
አልቸኩልባትም።
ማታ ማታ ቧንቧውን ክፍት ትቼ፣
ጀሪካኔን ከሥሩ አድርጌ እተኛለሁ።