ከራስ የተመዘዘ

ስወርድ ነው የሆነው፤ ኳሷን መትቼ ስመለስ፣
እግሬ መሬት ነክቶ ሌላው ገላዬ ሳይደርስ።
«ቋ!» አለ።
ከመረቡ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት፤
ነጥቧ የእኛ ነበረች፣ ተመልካቾች አጨበጨቡላት።
«ጉልበቴ ሄደ» አልኩ፤
የደከመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

አባቴ ልየው ኮርቻ ሰፊ ነው፣ ከእንጅባራ ገበያ ጥግ፤
ጥር ሲመጣ ፈረሰኛው ሁሉ ደጁ ላይ የሚያደገድግ፣
ጥር ሲወጣ «ፋቂ» የሚሉት፣
በበሩ የሚያልፉ እንጂ በበሩ የማይገቡበት።
ጅማት ያውቃል።
ከበሬ ጀርባ ገፎ፣ በድንጋይ ወቅጦ፣
በጥርሱ ሰንጥቆ፣ በምራቁ አርሶ፣ በጭኑ ላይ ፈትሎ።
ያን ማታ ጉልበቴን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣
እንደ ላላ መወጠሪያ ወደ ፊት ሳበው፣ ወደ ኋላ መለሰው።
«መሐል ያለው ማሰሪያ ተበጥሷል» አለ።
ባሕር ዳር ወረድን፣ ጊደር ተሸጦ ኤም አር አይ ተነሣሁ፤
ማሽኑም ያንኑ አለ።

ዶክተር ፍሬሰንበት ወረቀት ስባ አጥንት ሣለች።
«የተበጠሰው አይሰፋም፣ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበትኗል» አለች፤
«በቦታው ሌላ ጅማት እንተክላለን። ከየት? እሱ ነው ጥያቄው።»
አባቴ ወንበሩን ሳበ። ይሄስ የሱ ወሬ ነው።

«አንዱ ከጉልበት ሎሚ ሥር ያለው ነው፤ ከነአጥንቱ ይቆረሳል፣
ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይይዛል፣
ግን መንበርከክ ላይ ያስቸግራል።
ትሰግጃለሽ?»
ሕማማት ታየኝ፤ ያ ሁሉ ግንባር፣ ያ ሁሉ ምንጣፍ፣
እናቴ፣ አርባ አንዴ ስትወርድ፣ አርባ አንዴ ስትነሣ፣ ሳትሰንፍ።
«እሰግዳለሁ።»
ሰረዘችው።

«ከሞተ ሰውም ይወሰዳል፤ ሌላ አገር በበረዶ ያቆዩታል፣ እኛ ጋ የለም።»
አባቴ አማተበ። «ልጄ በማን እግር ልትዘል?» አለ፣
ግን ዓይኑ ጓጉቷል፤
ያ ጅማት በስንት ቀን እንደሚደርቅ ሊጠይቅ ፈልጓል።

«ፋብሪካ የሠራውም አለ። ሲገባ ያምራል፣ ውሎ አድሮ ይፈረፈራል።»
«እንደ ናይለን ልጓም፤ አውቀዋለሁ፣ ፈረሱን ይልጠዋል።»
ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ የስድሳ ሁለት ዓመት እግሩን አወጣ፣
«ከዚህ ውሰጂ» አለ። «ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣ?»

አልሳቀችም። በጣቷ ነካችው።
«ጥሩ ዕቃ ነው፣ አባባ። ግን ከራሷ ይሻላል።
ከቋንጃዋ ሁለት መዝዘን፣ አጥፈን አራት እናደርገዋለን።»

ቋንጃ!
እኛ አገር ቋንጃ የሚቆርጥ ቂመኛ ነው፣
በሌሊት መጥቶ የሰው በሬ ጥሎ የሚሄድ ነው።
የእኔን ግን ሊቆርጡት ነው፣ እንድሄድ ብለው።

«አራት እጥፍ ልክ ነው» አለ አባቴ። «ለእርካብ እኔም እንዲሁ ነኝ።
በምን ትቋጥሪዋለሽ?»
«በብሎን» አለችው።
ብሎኗን አስመጣ፣ በመዳፉ መዘናት።

ከወገቤ በታች ደንዝዤ፣ ከመጋረጃ ወዲህ ተኝቼ
መሰርሰሪያ ሰማሁ፤
አናጺ ቤት በር ላይ ሰው የምጠብቅ መሰለኝ።

«የተተከለው መጀመሪያ ይሞታል» ብላኛለች፣
«ደም ሥር የለውማ። ጨለማ ውስጥ ገመድ ብቻ ሆኖ ይከርማል፤
ከዚያ ሥጋሽ ቀስ እያለ፣ እንደ ሐረግ በአጥር፣ ይወጣበታል።
የሚደክመው ደህና ነኝ ባልሽ ጊዜ ነው። ያኔ ፍሪ።»

አሁን ደህና ነኝ። ፈርቻለሁ።
ሐምሌ ነው፣ ከዘንገና የመጣ ጉም ሜዳውን ውጦታል፣
ክራንቼ መያዣው የአሮጌ ኮርቻ ቆዳ ለብሷል።
ሌሊት ሲያሳክከኝ አስባለሁ፦
ውስጤ የራሴ ሬሳ አለ፣
እየጠበቅኩት ነው።

ማታ ማታ አባቴ ይመጣል፤ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፣
ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይስባል።
አይመጣም። ይዟል።
እጁን በጭኑ ይጠርግና ዝም ይላል፤ በመጨረሻ፦
«ያቺ ዶክተር የማን ልጅ ናት?»
«እኔ እንጃ።»
«ሰፊ ዘር አለባት» ይላል፣
እንዲህ ቀና ብሎ ሲለው ሰምቼው አላውቅም።