የጥላ ቁርስ

ሁለት ሰዓት አልሞላም፣ ድሬ ግን ግላለች፤
ሃምዲያ ፈጢራውን ማር እያጠጣች
«እንቁላሉስ?» ብላት፣ «ዶሮዋን ጠይቃት» ብላ ትስቃለች።

መዋኛው ደርቋል።
ከሰማያዊው ወለል ድመት ተጋድማለች፣
ዋናተኛ መስላ።

የኒሙ ጥላ ጠቦ ሲሸሽ ወደ ግንዱ፣
ወንበር እየጎተቱ እንግዶቹም ሄዱ፤
እኔም ሻዬን በአንድ እጄ፣ ሳህኔን በሌላ፣
ደረስኩ ከማላውቃቸው ሽማግሌ ጥላ።

«አብሽር፣ ተቀመጥ» አሉኝ፣ «የጋበዘህ ዛፉ ነው»፤
ከፉላቸው ላይ ቃሪያውን ለቅመው
ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።
ስም አልተጠያየቅንም፤
ሙቀቱን ግን እስኪበቃን አማነው።

ሂሳቡ መጣ፣ በአንድ ወረቀት፤
አባትና ልጅ መስለናት።
እሳቸው እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን፤

አላረምናትም።