ፈቃድ

ሰኞ ጠዋት ጻፍኩኝ፦ "የሦስት ቀን ፈቃድ፣
እህቴ ነጂባ ወልዳለች፣ አጋሮ ልሂድ።"
አቶ ተማም አዩት መነጽር አውልቀው፣
መልሰው አጠለቁ፣ ወረቀቱን አጥፈው፦
"ሌሊት የሚሠራው ሥራ ቆሟል ይሉኛል፤
የሂርማታው ነጋዴ ደረሰኝ አጥቶ ይጮኻል፤
ቦሳ ቂጦ የሁለት ወር ውሃ መጣ ባንድ ላይ፤
እሱን ሳታስተካክዪ አጋሮን አትዪ።"

ይኸው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
እኔና ሰርቨሩ፣ ቀዝቃዛ ክፍል፣ አንድ መብራት።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ያወራል፤
አዌቱ ሞልቶ ከድልድዩ ሥር ያጉረመርማል።
ሎጉን ከፈትኩት። አንድ መስመር፣ እሱኑ ደጋግሞ፣
በየአምስት ደቂቃው፣ ልክ እንደ ልጅ በር ላይ ቆሞ፦

ፈቃድ የለም።
ፈቃድ የለም።
ፈቃድ የለም።

ሳቅኩ፣ ብቻዬን። እሱም ጠይቆ ኖሯል፤
እንደኔው ወረቀቱ ታጥፎ ተመልሷል።

ስለዚያ ሠራተኛ ነው የማወራው፣
ስም የሌለው፣ ወንበር የሌለው፣ ደሞዝ የማያውቀው፤
ሰው ሲተኛ ተነስቶ ቆጣሪ የሚደምር፣
ሲነጋ ደረሰኙን ትቶ የሚሰወር።
ዓመት ሙሉ ሲሠራ ማንም አላመሰገነው፤
ሁለት ሌሊት ቢቀር ከተማው ሁሉ ጠየቀው።

ፋይሉን ፈለግኩት፤ አለ፤ አልተበላሸም።
ዲስኩን መዘንኩት፤ ግማሹ እንኳ አልሞላም።
አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው።
ራሴ ልሞክር ብዬ ፎልደሩን ነካሁት፤ እሺ አለኝ፣ ገባሁ።
የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፦
እኔ ስለገባሁ በሩ ክፍት መሰለኝ፤
ቁልፉ የኔ ኪስ ውስጥ መሆኑ ጠፋኝ።

ኔትወርክ ፍለጋ ከግቢው ወጥቼ ደወልኩ።
"እስክትመጪ ስም አናወጣለትም" አለች ነጂባ፤
"እንዲሁ 'ልጁ' እንለዋለን።"
ስመለስ አባ መጫ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በሩ ላይ፦
"ወረቀት?"
"እኔ እኮ ነኝ! አሁን የወጣሁት።"
"አውቅሻለሁ ልጄ፤ አባትሽንም አውቅ ነበር፣ አላህ ይዘንለት።
ግን ከሐሙስ ወዲህ አዲስ ዝርዝር ሰጥተውኛል፤
የማታ ስምሽ የለበትም። ማወቅ ሌላ፣ ዝርዝር ሌላ።"

ሐሙስ!
መብራት የጠፋ ዕለት። በስልክ ባትሪ፣ በጥድፊያ፣
መዝገቡን ከባክአፑ የመለስኩት እኔ አይደለሁም?
በማን ስም? በሩት፣ በሁሉ አለቃ ስም።
የነካሁት ሁሉ የአለቃው ሆኖ አደረ፤
የሌሊቱ ሠራተኛ ከገዛ መዝገቡ ደጅ ቀረ።
ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤
እኔ አጥሩን ሳልነካ ባለቤቱን ነቅያለሁ።

አንድ አቋራጭ አለ። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣
ሦስት ቁጥር፣ በሩ ለዓለም ሁሉ ወለል ይላል።
ከኔ በፊት የነበረው ሙዘይን እንዲያ ያደርግ ነበር፤
ሥራው ይሠራል። ሌባም ይሠራል።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ፤
ዝናብ ላይ ያቆሙኝን ሽማግሌ አሰብኩ፣ ተናድጄም አላባራሁ፣
ግን አጠፋሁት፣ ሦስቱንም ሰባት።
የባለቤቱን ስም መለስኩ፦ ማንበብ ለሱ፣ መጻፍ ለሱ፣ ለሌላው ምንም።
ከዚያ ወደ ላይ፣ ፎልደሩን የያዘውን ፎልደር፤
ዕቃ ቤቱ ቢከፈት ኮሪደሩ ከተቆለፈ ምን ዋጋ አለው።

አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ።
ሎጉ ዝም አለ።
አሥር። ዝም።
እንዲህ ያለ ሠራተኛ ዝም ሲል ሥራ ላይ ነው።

ጠዋት ደረሰኙ ይታተማል፣ ማተሚያው ያነክሳል፣
እኔ ያንኑ የታጠፈ ወረቀት ይዤ ፎቅ ወጣሁ።
ዙልፋ ከጽሕፈት ጠረጴዛዋ ቀና አለች፦
"አቶ ተማም የሉም። ፈቃድ ወጥተዋል።"

በሩ ፊት ለፊት አንድ ወንበር አለ።
ተቀመጥኩ። በየአምስት ደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ።