ማርያም የሳመቻት

ሰኞ ነው፣ ባቲ ነው፣ ሙቀቱ ማልዷል፣
ከቆላ የመጣው ግመል ተንበርክኳል፤
እኔም ከጥላዬ፣ ከጆንያ ድንኳኔ፣
አጉሊ መነጽሬን ሰክቼ ባንድ ዓይኔ፣
ሚዛን፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፦ ይኸው ነው ሱቄ፣
ሳንቲም ነው ሥራዬ፣ ሳንቲም ነው ስንቄ።

ወሬ ደርሷል ባቲ፤ "የተሳሳተ ብር
ቤት ያሠራል" የሚል። ከዚያ ወዲህ መንደር
ኪሱን ገልብጦልኝ ይሰለፋል ፊቴ፦
"ይችን እያት እስቲ! ይችንስ? በሞቴ!"
ጎማ የዳመጣትን፣ መዶሻ ያገኛትን፣
እሳት የላሳትን፣ አሲድ የበላትን፣
ለልጅ አንገት ተብላ ምስማር የበሳትን፣
ሁሉም "ስህተት ናት" ሲል እያመጣ ያሳያል፤
ስህተትና ቁስል ከሩቅ ይመሳሰላል።
(ምስማር የበሳትን ሳይ ግን እፈራለሁ፤
ያ አንገት አደገ ወይ? ሳልጠይቅ እተዋለሁ።)

ዛሬ ደግሞ ራህመት፣ የወፍጮ ቤቷ ልጅ፣
ዱቄት ያልለቀቃት ከቅንድብ እስከ እጅ፣
ከመቀነት ፈታ አንድ ብር ሰጠችኝ።
አንበሳው ሁለት ነው!
ላፍታ አሳሳተችኝ።

ወደ ብርሃን ያዝኳት፣ አዘንብዬ፣ ቀስ ብዬ፣
እንዳስተማረኝ ሟቹ ጋሽ ኑርዬ፤
ጠገራ በጥፍሩ መትቶ፣ ጆሮውን ደቅኖ፣
"ይሄኛው ጉንፋን ይዞታል" የሚል ነበር አዝኖ።

"ማኅተም ሲሳሳት ብረቱ ይሞላል፣
ሰው ሲመታው ግን ብረቱ ይሸሻል።
ጎፈሩ እጥፍ ቢሆን ገና ሲወለድ፣
ሁለቱም ክብ ናቸው፣ እንደ ፈትል ገመድ፤
ዱላ ሲያበዛው ግን ያው አንዱ ጎፈር ነው፣
ተገፍቶ፣ ተረግጦ፣ መደብ የመሰለው።

ጠርዝ ተቆርሶ ስታይ ቁራሹን ተወውና
ማዶውን ተመልከት፤ እውነት እዚያ ናትና።
ሳትታተም በፊት ገና ከጎደለች፣
በማዶዋም በኩል ደክማ ትታያለች፤
ጉድለቷ ይሰማል እስከ ማዶ ድረስ።
ካደገች በኋላ በሞረድ ስትቆረስ፣
ማዶዋ ደህና ነው፣ ጥርሱም አልጎደለ፤
ምንም እንዳልሆነ፣ ምንም እንደሌለ።
የፊተኛዋ ማርያም የሳመቻት ናት፣
የኋለኛዋ ግን ጠባሳ ነው ያላት።"

(ከጁምዓ ሲመለስ ነበር እንዲህ የሚለኝ፤
ወሎ ነው፤ ማርያምም ጎረቤቱ ነበረች መሰለኝ።)

የራህመት አንበሳ መደብ ነው ከነፊቱ።
"ወፍጮ ውስጥ አገኘሻት?" አልኳት፣ "ከዱቄቱ?"
"ከድንጋዩ ሥር" አለችኝ።
"ዋጋዋስ?"
"አንድ ብር።"
ዝም አለች፤ ቆየችና አነሳች ነገር፦
"ተሳስቶ የተወለደው እንዲህ ሲከበር፣
ተመትቶ የኖረው ስለምን ይዋረዳል?
እሱ ምን አጠፋ?"
መልስ አጣሁ። ወፍጮው ከሩቅ ይንጎዳጎዳል።

አልነገርኳትም እንጂ ኪሴ ውስጥ አለች፣
የኑርዬ ሽልንግ፣ ጠርዟን የተቆረሰች።
ከደሴ መጥተው ቢለምኑት፣ ከአዲስ አበባ ቢልኩበት፣
"ማርያም የሳመቻት አትሸጥም" ነበር መልሱ፤ አቅፎ ኖረባት።
እኔም በመነጽር ሳላያት ማልኩባት።

ከቀብሩ ስመለስ ሚዛኑን አወረሱኝ፣ ከሥሩም እሷን።
መነጽሬን ሰካሁ። አለፍኩት ቁራሿን፣
ማዶዋን አየሁት፦
ጥርሱ ሹል፣ ሙሉ፣
ምንም እንዳልሆነ።

በተጠቀለለችበት ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ በዚያ ጠማማ ጽሑፉ፦
"ሞረዱ የኔ ነው። በሃያ ዓመቴ።
ልሸጣት አፈርኩኝ፣
ልጥላት አሳዘነችኝ።"

ራህመት ብሯን ቋጠረች፤ ገበያው ዋጣት።
ግመሎቹ ተነሡ፣ አቧራውም ተነሣ።
ሽልንጓን በኪሴ ዳበስኳት፤
ቁራሿን አይደለም፣
ማዶዋን።